ጠዋት ሰጥቼው ምሳ ሰዓት ላይ መልሼ እወስደዋለሁ፣ ታዲያ እግዚአብሔርን እወደዋለሁ ማለት ይቻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎችም እንዲከተሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠዋት ተነስተሽ "ጌታ ሆይ ሁሉን ሰጥቼሃለሁ፣ ፈቃድህ ይሁን" ትያለሽ። ከዛ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሥራ ኮንትራትሽ በሁለት ወር ውስጥ ማለቁ፣ የእናትሽ ሕመም፣ የልጅሽ ነገር ተራ በተራ ይመጣና ሁሉንም መልሰሽ ራስሽ ትሸከሚዋለሽ። ጸሎት ላይ ምንም አይሰማሽም። "ራሴን ካስረከብኩ ሥራ መፈለግ ላቁም እንዴ?" ብለሻል። ራስን ለእግዚአብሔር ስለማስረከብ የሚናገረውን የፈረንሳዊውን ካህን የቅዱስ ሻርል ደ ፉኮን ጸሎት ከአፌ ማውጣት አቃተኝ፣ ልተወው ወይ ብለሻል። መሀል ላይ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር ጣል ያደረግሻት አንዲት መስመር አለች፣ "ሲስተር እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ከሰጠሁት ልጄን ይወስድብኛል ብዬ እፈራለሁ"። እኔ እንደሚመስለኝ ሌላው ጥያቄሽ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚች መስመር ላይ ነው፣ እና ቆይቼ እመጣባታለሁ።

መጀመሪያ የምሳ ሰዓቱን ነገር እንይ። መልሰሽ መውሰድሽ ጠዋት የሰጠሽው ውሸት ነበር ማለት አይደለም። ሰው ራሱን የሚሰጠው በፈቃዱ እንጂ በስሜቱ አይደለም፣ ፈቃድ ደግሞ አንዴ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ እንደሚገባ ውል አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ እየታደሰ ነው የሚኖረው። ጌታ ራሱ ጌቴሴማኒ ላይ "የእኔ ፈቃድ አይሁን የአንተ እንጂ" ካለ በኋላ ተነስቶ በሰላም ሄደ ወይ? አልሄደም። ማቴዎስ 26፥44ን አንብቢው፣ ሦስተኛ ጊዜ "ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ" ይላል። ያንኑ ቃል! የእግዚአብሔር ልጅ በአንዲት ሌሊት ሦስቴ የደገመውን አንቺ በቀን አስር ጊዜ ብትደግሚው ምኑ ይገርማል? በሱባኤ ሰዎችን መምራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ አንዴ ሰጥቶ ሁለተኛ ያልወሰደ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ልዩነቱ አንዳንዱ መልሶ መውሰዱን ሲያውቅ ያፍርና ጸሎቱን ይተወዋል፣ ሌላው እንደገና ይሰጣል፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

አሁን ወደ ልጅሽ።

ምን መሰለሽ፣ ብዙ ሰው ራስን ለእግዚአብሔር ማስረከብ ሲባል በአእምሮው የሚመጣበት እጅ የሰጠ ወታደር ነው። ተሸነፈ፣ መሣሪያውን ጣለ፣ ከዚህ በኋላ ያሸነፈው ያሻውን ያደርግበታል። እንዲህ ከሆነ በርግጥ ያስፈራል! እጅ የሚሰጠው ለጠላት ነዋ። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሌላ ቃል ነው ያስቀመጠልን፣ ሉቃስ 23፥46 ላይ ኢየሱስ መስቀል ላይ ሆኖ "አባት ሆይ፥ ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ" ይላል። አደራ! እኔ ይሄን ቃል ሳነብ ሁሌም ቆም ነው የምለው። አደራ የምትሰጪው ለምታምኚው ሰው ነው፣ አደራ የተሰጠ ነገር ደግሞ አልተጣለም፣ አልተቀማም፣ ተቀባዩ ከራሱ ነገር አስበልጦ ሊጠብቀው ግዴታ ገብቷል። በቋንቋችን አደራ በላ ከመባል የከፋ ስድብ አለ እንዴ? እና እግዚአብሔርን አደራ በላ አድርገሽ እየፈራሽው ነው እህቴ፣ ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ ሳይሆን ፍርሃቱ ስሙ ሲጠራ ትንሽ ስለሚቀል ነው።

ደግሞ እስቲ አስቢው፣ እግዚአብሔር ልጅሽን ለመውሰድ የአንቺን ፊርማ ነው የሚጠብቀው? ልጅሽ ያንን ጸሎት ብትጸልዪም ባትጸልዪም ዛሬም በእጁ ነው፣ ሆድሽ ውስጥ እያለም በእጁ ነበር። ጸሎቱ ልጅሽን ከአንቺ እጅ ወደ እሱ እጅ አያዛውረውም። ጸሎቱ የሚያንቀሳቅሰው አንቺን ነው፣ ብቻዬን ነው የምጠብቀው ብለሽ ከቆምሽበት ቦታ አብረሽው ወደምትጠብቂበት ያመጣሻል። የአብርሃምን ታሪክ ታነሺብኝ ይሆናል፣ ብዙዎች ያነሱብኛል። እሺ፣ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ "እጅህን በብላቴናው ላይ አትዘርጋ" ብሎ በመልአኩ ያስቆመው ራሱ እግዚአብሔር ነው።

እዚህ ጋ ግን ሐቁን መናገር አለብኝ። አደራ ሰጠሽ ማለት ልጅሽ አይታመምም፣ እናትሽ ይድናሉ፣ ኮንትራቱ ይታደሳል ማለት አይደለም፣ እንደዛ ብልሽ እዋሽሻለሁ። ኢየሱስ አደራ ሰጥቶ በዚያው ቅጽበት ነው የሞተው። የሰጠው አደራ በሦስተኛው ቀን ነው የተመለሰለት፣ በመሀል አርብ ማታ አለ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አለ፣ እናቱ ያንን ቅዳሜ ኖራዋለች። ስለዚህ እምነታችን ምንም ነገር አይደርስብንም የሚል አይደለም፣ የሚደርስብን ነገር ከእጁ አያስወጣንም ነው። ቅዱስ ጳውሎስም እስር ቤት ሆኖ ነው ለጢሞቴዎስ "የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ" ብሎ የጻፈው፣ በሰንሰለት ታስሮ ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ኢየሱስ መስቀል ላይ ያለው ቃል ከመዝሙር 31 የተወሰደ ነው፣ መዝሙሩ ላይ ግን "አባት ሆይ" የሚል የለም። እሱን የጨመረው ራሱ ኢየሱስ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚች ጭማሪ ላይ ነው። አባትነቱን ሳናምን ራሳችንን እንስጥ ብንል ጥርስ ነክሶ መታገል ነው የሚሆነው፣ አይዘልቅም። ለዚህ ነው ቅዱስ ዮሐንስ "እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና" የሚለው፣ አስቀድሞ የሚለው ቃል ቅደም ተከተሉን ይነግርሻል። እና ለጥቂት ሳምንት ራስሽን ለመስጠት ከምትታገዪ መወደድሽን ብቻ ብታስተነትኚ እመርጣለሁ።

ሥራ መፈለግ ላቁም ወይ ላልሽው፣ አታቁሚ፣ በጭራሽ። ቤተክርስቲያን ይሄን ጉዳይ ድሮ ጨርሳዋለች። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ሚጌል ደ ሞሊኖስ የሚባል ስፔናዊ ካህን ነፍስ ፍጹም ለመሆን ምንም አታድርግ፣ አትሻ፣ ፈተናን እንኳ በራሷ አትታገል ወደሚል ትምህርት ሄዶ ነበር፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 11ኛ በ1687 (በፈረንጅ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) 68 አባባሎቹን አውግዘዋል። ስለዚህ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ እግዚአብሔር ያውቃል ማለት የካቶሊክ ትምህርት አይደለም፣ መንፈሳዊ ቢመስልም። እመቤታችንን ተመልከቻት፣ ከሷ በላይ ራሱን የሰጠ ማን አለ? ግን "እንደ ቃልህ ይሁንልኝ" ከማለቷ በፊት "ይህ እንዴት ይሆናል?" ብላ ጠይቃለች፣ ካለች በኋላ ደግሞ ቁጭ አላለችም፣ ተነስታ ወደ ኤልሳቤጥ ፈጥና ሄደች።

በተግባር እንዲህ ነው፣ ሲቪውን አስተካክሎ መላክ ያንቺ ነው፣ ለኢንተርቪው መዘጋጀት ያንቺ ነው፣ እናትሽን ሐኪም ጋ መውሰድ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት ያንቺ ነው። መቀጠር አለመቀጠርሽ፣ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱ ያንቺ አይደለም። ሰው የሚደክመው የመጀመሪያውን ሲሠራ ብቻ አይመስለኝም፣ ይበልጥ የሚያደክመን ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ልንሠራው ስንሞክር ነው። ኢሜይሉን ከላክሽ በኋላ በየአስር ደቂቃው ስልክ እየከፈቱ ማየት ሥራ ይመስላል ግን ሥራ አይደለም። እጅሽ ወደ ስልኩ ሲሄድ ያዝ አድርጊውና "አባት ሆይ አደራ" በይ፣ በቃ ሁለት ሦስት ቃል ነው፣ ከዛ ፊት ለፊትሽ ወዳለው ሥራ ተመለሺ። የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን የነበሩት አባ ዣን ፒየር ደ ኮሳድ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነፍሳትን ሲመሩ አጥብቀው የሚሉት ይሄን ነው፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ለአንቺ የሚመጣው በዚች ደቂቃ ግዴታሽ ተጠቅልሎ ነው፣ የነገውን ፈቃዱን ዛሬ አልሰጠሽም፣ ለነገው የሚሆነውን ጸጋም እንደዚያው።

እኔም ይሄን የተማርኩት በቀላሉ አልነበረም። አንድ ጊዜ በጣም ከምወደው፣ ከመሠረቱ ጀምሮ ከሠራሁበት አገልግሎት ተነስቼ ወደ ሌላ ቦታ ተመደብኩ። በአፌ "እሺ፣ ፈቃድህ ይሁን" አልኩ፣ ቅዳሴ ላይም አቀረብኩት። ከዛ ግን ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስልክ እየደወልኩ ያ ነገር እንዴት ሆነ፣ ይሄን ለምን ቀየራችሁት እያልኩ በኋላዬ የመጣችውን እህት አስጨነቅኳት። የሚወራው ሁሉ ስለ እግዚአብሔር ሥራ ስለሆነ ልክ ይመስለኝ ነበር። መንፈሳዊ መሪዬ ናቸው አንድ ቀን የካርዲናል ቫን ትዋንን ታሪክ የነገሩኝ።

ቪየትናማዊ ነበሩ። በሚያዝያ 1975 የሳይጎን ረዳት ሊቀ ጳጳስ ተደርገው ተሾሙ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15፣ በእመቤታችን የዕርገት በዓል ቀን ታሰሩ፣ 13 ዓመት ሳይፈረድባቸው ቆዩ፣ ከዚያ ውስጥ 9 ዓመቱን ብቻቸውን ተዘግቶባቸው። ሰውየው ገና 47 ዓመታቸው ነው፣ ስንት የጀመሩት ሥራ አለ፣ ዘርዓ ክህነቱ፣ ወጣቶቹ፣ ምእመናኑ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ይሄን ሁሉ ለምን ትተወዋለህ እያሉ ከራሳቸው ጋ ሲታገሉ በውስጣቸው አንድ ነገር በራላቸው፦ እግዚአብሔርና የእግዚአብሔር ሥራ አንድ አይደሉም። ሥራውን ሊወስድብህ ይችላል፣ ከአንተ በተሻለ ለሚሠራው ይሰጠዋል፣ አንተ የመረጥከው ግን እሱን ነው። ከዚያ ወዲያ የምፈታበትን ቀን አልጠብቅም፣ ያለሁባትን ደቂቃ በፍቅር እሞላታለሁ አሉ። ለሆድ መድኃኒት ተብሎ በተላከላቸው ወይን፣ ሦስት ጠብታ ወይንና አንድ ጠብታ ውኃ መዳፋቸው ላይ አድርገው ይቀድሱ ነበር። መዳፋቸው ጽዋ ሆነች ማለት ነው። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ነው ያን ስልክ መደወል የተውኩት፣ ወዲያው አይደለም ግን ተውኩት። የአንቺን ነገር ሳነብም ይሄው ትዝ አለኝ፣ ልጅሽ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ ራሱ እግዚአብሔር ግን አይደለም። ይሄን መለየት ልጅን መውደድ አይቀንስም፣ ልጁን አንቺን የማዳን ሸክም እንዳይሸከም ነው የሚያደርገው።

ጸሎት ላይ ምንም አይሰማኝም ላልሽው ብዙ አልልም ምክንያቱም ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊቷ መነኩሲት የሊዝዩዋ ቅድስት ቴሬዛ በ15 ዓመቷ ካርሜል ገዳም ገብታ በ1897 በ24 ዓመቷ ነው ያረፈችው፣ በጸሎት ሰዓት እንቅልፍ ይወስዳት ነበር፣ ወላጆች ልጃቸውን ተኝቶም ነቅቶም ይወዱታል ብላ አልተጨነቀችም። ከ1896 ፋሲካ ጀምሮ ደግሞ እስክትሞት ድረስ ስለ መንግሥተ ሰማይ ስታስብ ጨለማ ብቻ ነበር የሚታያት። ይቺን ልጅ ነው ቤተክርስቲያን በ1997 የቤተክርስቲያን መምህርት ብላ ያወጀቻት! የኢየሱሳውያን መሥራች የሎዮላው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ደግሞ ለድርቀት ጊዜ፣ ማለትም ጸሎት ላይ ምንም ለማይሰማሽ ጊዜ፣ አንድ የማይረሳ ሕግ አለው፣ ደስታ በነበረሽ ጊዜ የወሰንሽውን በድርቀት ጊዜ አትለውጪ። ጠዋት አስራ አምስት ደቂቃ ብለሽ ከወሰንሽ፣ ደረቅ በሆነበት ቀን አስራ አራት አታድርጊው፣ ከቻልሽ እንደውም አስራ ስድስት አድርጊው።

ታዲያ እወደዋለሁ ወይስ አልወደውም ላልሽው ደግሞ የሌላዋ ቴሬዛ፣ የስፔናዊቷ መነኩሲት የአቪላዋ ቅድስት ቴሬዛ መልስ ከእኔ ይሻላል። እግዚአብሔርን እንደምንወድ በርግጠኝነት ማወቅ አንችልም ትላለች፣ ምልክቶች ቢኖሩም። ጎረቤታችንን መውደዳችንን ግን ማወቅ እንችላለን፣ በዛ እወቂው። ስለዚህ ጸሎት ላይ ምን ተሰማኝ ብለሽ ራስሽን አትለኪ፣ እናትሽ አንድን ነገር አምስተኛ ጊዜ ሲጠይቁሽ እንዴት እንደመለስሽላቸው ተመልከቺ። የሊዝዩዋ ቴሬዛ ጋ እንዲህ ያለ ታሪክ አለ፣ ማታ አስተንትኖ ላይ ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት መነኩሲት የሚያሳብድ ድምፅ ታሰማ ነበር፣ ሁለት የዛጎል ቅርፊት ሲፋተግ ዓይነት። ዞር ብላ ብታያት ዝም ታሰኛት ነበር። አላደረገችውም። ላብ በላብ እስክትሆን ታገለች፣ በመጨረሻ ድምፁን ላለመስማት ከመሞከር አጥርታ እንደ ሙዚቃ ልትሰማውና ለኢየሱስ ልታቀርበው ወሰነች፣ ያን ቀን ጸሎቷ ሁሉ እሱ ሆነ። ይሄ ትንሽ ነገር ነው? እኔ ግን ራስን መስጠት ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አላውቅም። ትልቁን ነገር፣ ልጄንም ሕይወቴንም፣ ለመስጠት የሚያስችል ጡንቻ የሚሠራው እዚህ ነው፣ በተቋረጠ ንግግር፣ ባልተመሰገንሽበት ሥራ፣ ፕላንሽን በሚያበላሽ አንድ ስልክ።

እንዴት ልጀምር ካልሽ ብዙ ነገር አልጭንብሽም። ጠዋት "ሁሉን ሰጥቼሃለሁ" ማለቱን ለጊዜው ተይው፣ ሁሉን የሚለው ቃል ሰፊ ስለሆነ ምንም አይዝም። የዛን ቀን አንድ ነገር ስም ጥሪ፣ "ዛሬ የሐኪሙን ውጤት" ወይ "ዛሬ የአለቃዬን ፊት" ብለሽ። ቅዳሴ በምትሄጂበት ቀን ካህኑ ወይኑ ላይ ውኃ ሲጨምር እዛች ጠብታ ውስጥ ያንን ነገር አስገቢው፣ ከዛ በኋላ ለይተሽ ልታወጪው አትችይም፣ ከክርስቶስ መሥዋዕት ጋ ተቀላቅሏል። ማታ ደግሞ ቅዱስ ኢግናጥዮስ ለወንድሞቹ አጥብቆ ይመክረው የነበረውን የኅሊና ምርመራ አጭሩን አድርጊ፣ ዛሬ የት ጋ ተቀበልኩ፣ የት ጋ መልሼ ቀማሁ፣ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ኃጢአት ቆጠራ እንዳታደርጊው ብቻ፣ መጀመሪያ አመስግኚ። ከዛ "በእጅህ ነፍሴን አደራ እሰጣለሁ" ብለሽ ተኚ፣ በሮማ ሥርዓት በየምሽቱ የመኝታ ጸሎት ላይ የሚባለው ይሄው ነው፣ ልጅሽም ይልመደው።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ። ጭንቀቱ እንቅልፍ እየከለከለሽ ከሆነ፣ ምግብ አልበላ ካለሽ፣ ልብሽ እየመታ ትንፋሽ የሚያሳጥርሽ ከሆነና ሳምንታት ከቆየ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ የእምነት ማነስ አይደለም፣ ሐኪምም የአምላክ እጅ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የሚመታሽ የሚያዋርድሽ ሰው ካለ "ራሴን ሰጥቻለሁ" ብለሽ እንዳትቀመጪ። አንቺ አልጻፍሽም፣ ግን ይሄን የሚያነቡ አሉና ነው፣ እግዚአብሔር የሚቀበለው አደራ እንጂ የሰው ግፍ አይደለም።

አሁን የቀረኝ የሻርል ደ ፉኮ ጸሎት ነው። "የወደድከውን አድርግብኝ" የሚለው ጋ ስትደርሺ አፍሽ ይያዛል ብለሻል። ያ ጸሎት እንዴት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ሻርል ወንጌልን እያስተነተነ ሲጽፍ እዚችው ሉቃስ 23፥46 ላይ ደረሰ፣ ኢየሱስ መስቀል ላይ ምን እያለ ይሆን ብሎ ነው ቃላቱን የጻፈው፣ በኋላ ሌሎች አሳጥረው ጸሎት አደረጉት። ማለትም ጸሎቱ መጀመሪያ የኢየሱስ ነው፣ የአንቺም የሻርልም አይደለም። ብቻሽን ልትዪው ስትሞክሪ ቢያንቅሽ አይገርምም፣ ልኩ የእሱ ነዋ። ሻርል ራሱ ወንድሞች ተከትለውኝ ማኅበር እመሠርታለሁ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ጠብቆ አንድ እንኳ ሳይዘልቅለት ነው ታኅሣሥ 1 ቀን 1916 ታማንራሴት በረሃ ውስጥ የተገደለው። የእሱን መንገድ የያዙ ማኅበሮች የበቀሉት ከዛ በኋላ ነው፣ እሱም በ2022 ቅዱስ ተባለ። ስለዚህ ጸሎቱን አትተይው፣ ግን እስከ መጨረሻው እንድትዪው ማንም አያስገድድሽም። የመጀመሪያው ቃል "አባቴ" ነው። ለዚህ ወር እሱን ብቻ በይና አቁሚ። ቀጣዩን መስመር ለማለት የቻልሽ ቀን ጻፊልኝ፣ ካልቻልሽም ጻፊልኝ፣ እስከዛ አንቺንም እናትሽንም ልጅሽንም በየቀኑ በቅዳሴ ስማችሁን እየጠራሁ አስባችኋለሁ።